በሙድል ተደጋግሞ የሚያገለግል የኮርስ አብነት አዘገጃጀት፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

በየሴሚስተሩ መጀመሪያ ብዙ መምህራን ያለፈውን ዓመት የኦንላይን ኮርስ እንዳለ ገልብጠው ማስተማር ይጀምራሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ችግሩ ይገለጣል፦ የቀድሞ ተማሪዎች ጽሑፍ በውይይት መድረኩ ላይ ይታያል፣ የአሳይመንቱ ማስረከቢያ ቀን ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል፣ የማርኩ ድምር ከ100 ይልቅ 340 ይላል፣ አንዳንዱ ሊንክም ተማሪውን ሊገባበት ወደማይችለው አሮጌ ኮርስ ይወስደዋል። ይህ የሚሆነው በየጊዜው የሚለወጠው ነገር ከማይለወጠው ጋር ተደባልቆ ስለተቀመጠ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ሁለቱን ከመለየት ነው፤ የቀሩት ደረጃዎች በሙሉ በዚህ ላይ ይመሠረታሉ።

መመሪያው የተጻፈው ሙድል ለተባለው የኦንላይን ትምህርት ማስተዳደሪያ ሲስተም 4ኛ ትውልድ ስሪቶች ነው። በቀደሙት ስሪቶች ተመሳሳይ ትእዛዞችን ከጥርሳማው መንኮራኩር ምልክት ሥር ያገኟቸዋል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚከተሉትን ሳያሟሉ ሥራውን አይጀምሩ።

- ኮርስ የመክፈት ፈቃድ። በሙድል ተራ የመምህርነት ሚና አዲስ ኮርስ ለመክፈት አያስችልም፤ የኮርስ ከፋች ወይም የማናጀር ሚና እንዲሰጥዎ ሲስተሙን የሚያስተዳድረውን ባለሙያ አስቀድመው ይጠይቁ።
- በትምህርት ክፍሉ የጸደቀ የኮርስ አውትላይን። ገና እየተከራከሩበት ባለ አውትላይን ላይ የተሠራ አብነት እንደገና መፍረሱ አይቀርም።
- በተማሪ ሚና የሚገቡበት የሙከራ አካውንት። «ስዊች ሮል» የሚለው ትእዛዝ ገጹን በተማሪ ዓይን ያሳያል እንጂ ሥራ አስረክቦ ማርክ እስከመቀበል ያለውን ሂደት በትክክል አይፈትንም።

ደረጃ 1፦ የሚቆየውንና የሚለወጠውን በወረቀት ላይ ይለዩ

ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ይክፈሉ።

በመጀመሪያው ዓምድ በሁሉም ኮርሶች አንድ ዓይነት ሆኖ የሚቆየውን ይጻፉ፦ የሳምንቱ ገጽ አደረጃጀት፣ የርእሶች አጻጻፍ፣ የውይይት ሥነ ሥርዓት፣ አሳይመንት የሚገመገምበት መስፈርት፣ ዘግይቶ ስለማስረከብ የወጣው ደንብ።

በሁለተኛው ዓምድ ከኮርስ ኮርስ የሚለየውን ያስፍሩ፦ የኮርሱ ስምና ኮድ፣ የትምህርቱ ዓላማዎች፣ የንባብ ጽሑፎች፣ ጥያቄዎች።

በሦስተኛው ዓምድ ኮርሱ ያው ሆኖ ሳለ በየሴሚስተሩ የሚለዋወጠው ይገባል፦ ቀኖች፣ የመምህሩ ስምና የምክር ሰዓት፣ የቀጥታ ስብሰባ ሊንክ፣ የፈተና ክፍል።

ከዚያም አንድ ደንብ ያውጡ፦ በሦስተኛው ዓምድ ያለ ማንኛውም መረጃ በኮርሱ ውስጥ በአንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል። የመምህሩ ስልክ «ስለ ኮርሱ» በሚል ገጽ ላይ ከተጻፈ በየሳምንቱ መግቢያ፣ በአሳይመንቱ መመሪያና በፒዲኤፍ ፋይሉ ውስጥ አይደገምም፤ በእነዚህ ቦታዎች «የመምህሩን አድራሻ ‹ስለ ኮርሱ› ከሚለው ገጽ ይመልከቱ» ማለት ይበቃል። ይህን ደንብ ያላከበረ አብነት ምንም ያህል ቢያምር በሁለተኛው ሴሚስተር ስሕተት ማፍራቱ አይቀርም፤ አንድን ስልክ ከ14 ቦታ የሚያርም ሰው ቢያንስ አንዱን ይረሳልና።

ሊለወጥ የሚገባውን ቦታ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ምልክት ይጻፉ፤ ለምሳሌ፦ «▲ይለወጥ፦ የመምህሩ ሙሉ ስም▲»። ምልክቱ ዓይን የሚስብና በተራ ጽሑፍ ውስጥ የማይገኝ መሆን አለበት። የት የት እንደተቀመጠም በወረቀትዎ ላይ ይመዝግቡ፤ ዝርዝሩ በደረጃ 8 ያስፈልግዎታል።

ደረጃ 2፦ ባዶ ኮርስ ይክፈቱ

1. «አብነቶች» የሚል የኮርስ ምድብ ይፍጠሩና ከተማሪዎች ይሰውሩት።
2. በምድቡ ውስጥ አዲስ ባዶ ኮርስ ይክፈቱ። ያለፈውን ዓመት ኮርስ ገልብጦ እያጸዱ መሥራት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን የተረሳ ፋይል፣ የተደበቀ ኩዊዝና ባለቤት የሌለው የማርክ ምድብ አብሮ ይመጣል።
3. አጭር ስሙን ስሪቱን በሚያሳይ መንገድ ይስጡ፤ ለምሳሌ «አብነት-16ሳምንት-ስሪት1»። ሙድል ሁለት ኮርሶች አንድ አጭር ስም እንዲይዙ አይፈቅድም።
4. ፎርማቱን በርእስ የሚከፋፈለውን ያድርጉ። ሳምንታዊው ፎርማት የክፍሎቹን ስም ከመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ በራሱ የሚጽፈው በፈረንጆቹ ወራት ስለሆነ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚከታተሉ ተማሪዎችን ያደናግራል። «ሳምንት 1፦ …» እያሉ ራስዎ ይሰይሙ።
5. የኮርሱን መጀመሪያ ቀን ሰኞ ላይ ያድርጉ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ተራ ቢመስልም አብነቱ መሥራት አለመሥራቱን የሚወስነው እሱ ነው። ሙድል አንድን ኮርስ ወደ አዲስ መጀመሪያ ቀን ሲመልስ በሁለቱ መጀመሪያ ቀኖች መካከል ያለውን የቀናት ልዩነት ይቆጥርና የአሳይመንቶችንና የኩዊዞችን ቀን ሁሉ በዚያው ልክ ያሸጋግራል። ለምሳሌ አብነቱ ሰኞ መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም. የሚጀምርና የ3ኛው ሳምንት አሳይመንት ዓርብ የሚያበቃ ከሆነ፣ አዲሱን ኮርስ ሰኞ የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ቢያስጀምሩት ልዩነቱ 147 ቀን፣ ማለትም ልክ 21 ሳምንት ስለሆነ ማስረከቢያው እንደገና ዓርብ፣ መጋቢት 11 ላይ ያርፋል። አዲሱን ኮርስ ረቡዕ ብታስጀምሩት ግን የዓርቡ ሁሉ እሑድ ይሆናል። ትምህርቱ ረቡዕ ቢጀምር እንኳ የዚያን ሳምንት ሰኞ መጀመሪያ ቀን አድርገው ይሙሉ።

ደረጃ 3፦ አንድ ሳምንት ብቻ ሠርተው ይጨርሱ

ብዙ ሰዎች 16ቱን ሳምንት ጎን ለጎን ለመሥራት ይሞክሩና በመጨረሻ እያንዳንዱ ሳምንት የተለየ መልክ ይይዝባቸዋል። አንዱን ሳምንት እስከመጨረሻው ይሥሩ፣ ባልደረባዎ እንዲያየው ያድርጉ፣ ከዚያ ብቻ ያባዙ።

አስቀድመው በኮርሱ ውስጥ «ዲፎልት አክቲቪቲ ኮምፕሊሽን» የሚለውን ገጽ ይክፈቱና አንድ ሥራ «ተጠናቀቀ» የሚባለው መቼ እንደሆነ ለእያንዳንዱ ዓይነት ይወስኑ፤ ገጽ ሲታይ፣ አሳይመንት ሲረከብ፣ ኩዊዝ ማርክ ሲያገኝ። ይህ ማስተካከያ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚጨመሩት ብቻ በመሆኑ ዘግይተው ቢያስተካክሉት ቀደም ሲል የገቡትን አይነካም።

የናሙናው ሳምንት ቅደም ተከተል የሚከተለው ቢሆን መልካም ነው፦ የሳምንቱ መግቢያ፣ ንባብ፣ ቪዲዮ፣ ውይይት፣ ኩዊዝ። ስሞቹን በቁጥር ይምሩ፦ «3.1 መግቢያ»፣ «3.2 ንባብ»። ተማሪው በመልእክት ሲጠይቅዎ «ያ ሁለተኛው ፋይል» ከማለት «3.2» ይልዎታል።

ንባቡን በተቻለ መጠን ሙድል ውስጥ ባለው «ፔጅ» ወይም «ቡክ» ላይ ይጻፉት። አብዛኛው ተማሪ የሚያነበው በስልክ ሲሆን ለኤ-አራት ወረቀት የተዘጋጀ ፒዲኤፍ በስልክ ስክሪን ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተቱ የሚነበብ ነው። የሙድል የስልክ መተግበሪያም እንዲህ ያሉትን ገጾች አስቀድሞ አውርዶ ኢንተርኔት በሌለበት ለማንበብ ያስችላል፤ ይህ ከግቢ ወጥቶ ወደ ገጠር ለሚመለስ ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ቪዲዮ በኮርሱ ውስጥ አይጫኑ፤ በሌላ ቦታ አስቀምጠው ሊንኩን ያስገቡ። አለዚያ የባክአፑ ፋይል እጅግ ያብጥና በደረጃ 10 መልሶ መጫን ያቅታል።

አማርኛ ጽሑፍ ከአሮጌ ፋይል ገልብጠው የሚለጥፉ ከሆነ ጽሑፉ በዩኒኮድ (ፊደላት በየትኛውም መሣሪያ ላይ አንድ ዓይነት ሆነው እንዲታዩ በሚያደርገው የፊደል ኮድ) የተጻፈ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ደኅና ቢታይም በተማሪው ስልክ ላይ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ ሳምንቱን ያባዙ

ከእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ካሉት ሦስት ነጥቦች «ዱፕሊኬት» የሚለውን ይምረጡ፤ በቅርብ ስሪቶች ሙሉውን ክፍል በአንድ ጊዜ ማባዛት ይቻላል። ቅጂውን ወደ ሳምንቱ ይጎትቱና ስሙን ያስተካክሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሪስትሪክት አክሰስ» የተባለውን የመግቢያ ገደብ ከማባዛትዎ በፊት አያስገቡ። የ1ኛውን ሳምንት ኩዊዝ «1.2 ንባብ ሲጠናቀቅ ይከፈት» የሚል ገደብ አስገብተው ቢያባዙት የ2ኛው ሳምንት ኩዊዝም የሚጠብቀው 1.2ን ይሆናል፤ ተማሪው ሁለተኛውን ንባብ ሳይከፍት ወደ ኩዊዙ ይገባል። ገደቦቹን ሁሉም ሳምንት በቦታው ከተቀመጠ በኋላ አንድ በአንድ ያስገቡ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው አንዴ ነው።

ደረጃ 5፦ የማርኩን መዋቅር ይትከሉ

በ«ግሬድቡክ ሴትአፕ» ውስጥ ምድቦቹን ይፍጠሩ። ተቋምዎ ከ100 ውስጥ 50ውን ለተከታታይ ምዘና፣ 50ውን ለማጠቃለያ ፈተና የሚሰጥ ከሆነ ሁለት ምድቦች ከፍተው እያንዳንዱን ኩዊዝና አሳይመንት በየምድቡ ያስገቡ። ሙድል ለአዲስ አሳይመንት ሳይጠየቅ የሚሰጠው ከፍተኛ ማርክ 100 ነው፤ ይህን ሳያስተካክሉ አምስት አሳይመንት የፈጠረ ሰው በድምሩ 500 ያገኛል። እያንዳንዱን ከፍተው ትክክለኛውን ማርክ ይጻፉ፤ ከገጹ ግርጌ የሚታየው የኮርሱ ድምር በትክክል 100 እስኪል ድረስ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

ደረጃ 6፦ ቀንና ሰዓትን ያስተካክሉ

በዚህ ደረጃ የሚፈጠረው ስሕተት በቀጥታ ተማሪውን ማርክ ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ቀስ ብለው ይሥሩት።

ሙድል የሚጠቀመው ቀኑ በእኩለ ሌሊት የሚለወጥበትን የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የአሳይመንት ማስረከቢያ ሲፈጥሩ ሰዓቱ 00:00 ሆኖ ይመጣል። «ዓርብ 00:00» ማለት በእኛ አነጋገር ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። ተማሪው ግን «ዓርብ» የሚለውን አይቶ፣ ሰዓቱንም ከሌሊቱ 6 ብሎ ተርጉሞ፣ የዓርብን ቀን ሙሉ ከነምሽቱ ያለው ይመስለዋል፤ ምክንያቱም በእኛ አቆጣጠር የዓርብ ሌሊት የሚባለው ዓርብ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚመጣው ነው። ዓርብ ጠዋት ለማስረከብ ሲገባ ጊዜው አልፎ ያገኘዋል።

ስለዚህ፦

1. ማስረከቢያዎችን ሁሉ 23:59 ላይ ያድርጉ፤ ይህም በእኛ ከሌሊቱ 5፡59 ነው። የኢንተርኔት መቆራረጥ በሚበዛበት አካባቢ 18:00፣ ማለትም ከምሽቱ 12 ሰዓት ይሻላል፤ ችግር ያጋጠመው ተማሪ ሊደውልልዎ ይችላል።
2. በመመሪያው ጽሑፍ ውስጥ ምንም ቀን አይጻፉ። ሙድል የሚያሸጋግረው በቀን ሳጥኑ ውስጥ የተሞላውን ብቻ ነው፤ በዐረፍተ ነገር ውስጥ «እስከ ጥቅምት 14» ብለው የጻፉት ለዘላለም ጥቅምት 14 ሆኖ ይቀራል። «ከገጹ አናት ላይ እስከሚታየው ቀን ድረስ» ይበሉ።
3. የኢትዮጵያን ቀን መጻፍ ከፈለጉ «የጊዜ ሰሌዳ» በሚል አንድ ገጽ ላይ ብቻ፣ በ▲ይለወጥ▲ ምልክት ያስቀምጡት።
4. የሳይቱ የሰዓት ክልል አዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ። ከውጭ አገር የሚከታተሉ ተማሪዎች ካሉ ሙድል ለእያንዳንዱ የሚያሳየው በራሱ ፕሮፋይል በተሞላው የሰዓት ክልል መሆኑን በመግቢያው ገጽ ላይ ይንገሯቸው።

ደረጃ 7፦ የጥያቄ ባንኩን ያዘጋጁ

ጥያቄዎችን በየምዕራፉ ምድብ ከፍለው ያስቀምጡ፤ ኩዊዙም ከምድቡ በዘፈቀደ እንዲያወጣ ያድርጉ። በሚቀጥለው ጊዜ ኮርሱን የሚረከበው መምህር ምድቡን በራሱ ጥያቄዎች ሲሞላው ኩዊዙን እንደ አዲስ ማዘጋጀት አያስፈልገውም።

ጥያቄዎችን «ጊፍት» በተባለው የጽሑፍ ፎርማት በጅምላ የሚያስገቡ ከሆነ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (በዩኒኮድ የማስቀመጫ ዓይነት) ያስቀምጡ፤ በጥያቄና በጥያቄ መካከል ባዶ መስመር ይተዉ። በጥያቄው ውስጥ የእኩል ምልክት ወይም ጥምዝ ቅንፍ ካለ ከፊቱ ወደ ኋላ የተጋደመ ሰረዝ ያድርጉ፤ አለዚያ ሙድል የመልስ ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል።

በአማርኛ ለሚሰጡ ኮርሶች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ«ሾርት አንሰር» ጥያቄ የሚታረመው ፊደል ለፊደል በማመሳከር ነው። እርስዎ መልሱን «ፀሐይ» ብለው ሞልተው ተማሪው «ጸሀይ» ብሎ ቢጽፍ ዜሮ ያገኛል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያሉበትን መልስ ሁሉ በሚጻፍባቸው መንገዶች ሁሉ እየደጋገሙ በአማራጭ መልስነት ያስገቡ። ይህን ማድረግ ካልቻሉ ጥያቄውን ወደ ምርጫ ይለውጡት፤ በዕውቀቱ ሳይሆን በሆሄ ምርጫው ተማሪን መቅጣት ተገቢ አይደለም።

ደረጃ 8፦ በቅጂ ላይ ይሞክሩ

ሙከራውን በአብነቱ ላይ አያድርጉ። አንድ ተማሪ የሞከረው ኩዊዝ ሙከራው ካልተሰረዘ በስተቀር ጥያቄ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትምም። በ«ኮርስ ሪዩዝ» ሥር ካለው «ኮፒ ኮርስ» የሙከራ ቅጂ ያውጡ፤ የተጠቃሚዎችን መረጃ እንዳያካትት ያድርጉ፤ መጀመሪያ ቀኑን በሌላ ሰኞ ይሙሉ። ከዚያም የሙከራውን አካውንት በቅጂው ውስጥ በተማሪነት አስመዝግበው በእሱ ይግቡና፦

1. የአንድ አሳይመንት ማስረከቢያ ያሰቡት የሳምንት ቀን ላይ ማረፉን ይመልከቱ።
2. አሳይመንት ያስረክቡ፣ ኩዊዝ ይውሰዱ፣ በመምህርነት ያርሙ፣ ማርኩ በትክክለኛው ምድብ መግባቱን ያረጋግጡ።
3. በገጾቹ ውስጥ ያሉትን ሊንኮች ይጫኑ። በሚከፈተው ገጽ አናት ላይ የሚታየው የአዲሱ ኮርስ ስም መሆን አለበት።
4. ሙሉውን ሳምንት በስልክ ያንብቡ።
5. በደረጃ 1 የመዘገቧቸውን የ▲ይለወጥ▲ ቦታዎች አንድ በአንድ እየተከተሉ ይሙሉ። በዝርዝሩ ላይ ያልተመዘገበ ምልክት ካገኙ ዝርዝሩን ያሟሉ።

የሚገኘውን ስሕተት አብነቱ ላይ ያርሙ፤ ቅጂውን ይሰርዙና እንደገና ይሞክሩ።

ደረጃ 9፦ ባክአፕ ይውሰዱና ይቆልፉ

«ባክአፕ» የሚለውን ከፍተው «የተመዘገቡ ተጠቃሚዎችን አካትት» ከሚለው ላይ ምልክቱን ያንሡ፤ የጥያቄ ባንኩ መካተቱን ያረጋግጡ። የሚወጣው የኤም ቢ ዜድ ፋይል ነው። አንዱን በሰርቨሩ ላይ ይተዉት፣ ሌላውን አውርደው በተለየ ቦታ ያስቀምጡ፤ በፋይሉ ስም ላይ ስሪቱንና ቀኑን ይጻፉ። ከዚያ በኋላ አብነቱን የሚያርመው አንድ ሰው ብቻ ይሁን፤ ቅጂ የሚያወጣውም እሱ ቢሆን ይመረጣል፤ ሁሉም መምህር ማረም የሚችልበት አብነት በጥቂት ወራት ውስጥ የማንም ያልሆነ ኮርስ ይሆናል።

ደረጃ 10፦ አብነቱን ለአዲስ ኮርስ ይጠቀሙ

ኮርሱ ገና ካልተከፈተ «ኮፒ ኮርስ»ን ይጠቀሙ። ሬጅስትራር ኮርሶቹን አስቀድሞ ከፍቶ ተማሪዎችን ካስገባ ግን ወደ ተከፈተው ኮርስ ገብተው የአብነቱን ይዘት «ኢምፖርት» ያድርጉ (ወደዚያ ያስገቡ)፤ ይህ መንገድ የተጠቃሚዎችን መረጃ አይነካም። ባክአፑን ወደ ሌላ ሳይት ለመውሰድ «ሪስቶር» (መልሶ መጫን) ያስፈልጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ሪስቶር ሲያደርጉ ከምርጫዎቹ አንዱ የነባሩን ኮርስ ይዘት ሰርዞ በምትኩ መጫን ነው። ተማሪዎች ሥራ በጀመሩበት ኮርስ ላይ ይህን መምረጥ ያስረከቡትን ሁሉ ያጠፋል። ሁልጊዜ ማዋሃድ የሚለውን ይምረጡ። በተመሳሳይም ያለፈውን ዓመት ኮርስ «ሪሴት» አድርጎ (የተማሪዎቹን መረጃ አጽድቶ) እንደገና መጠቀም የማርክ ማስረጃን ሊያጠፋ ስለሚችል፣ ባክአፕ ሳይወስዱ አይሞክሩት።

ሳይሳካ ሲቀር

*ቅጂው ለሰዓታት «በሂደት ላይ» ይላል።* ኮፒ ኮርስ የሚሠራው ከጀርባ በሚነሡ የሰርቨሩ የጊዜ ተግባራት ነው። እነሱ ቆመው ከሆነ ምንም ያህል ቢጠብቁ አይጨርስም፤ ደጋግመው አይጫኑ፣ ሲስተም አስተዳዳሪው «ክሮን» የተባለው ተግባር መሥራቱን እንዲያይ ይጠይቁ።

*ባክአፑ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው ተብሎ አልጫን አለ።* ሰርቨሩ ለአንድ ፋይል የወሰነው ልክ አለ። ቪዲዮዎቹን ወደ ሊንክ ይለውጡና ባክአፑን እንደገና ይውሰዱ። ፋይሉ እዚያው ሰርቨር ላይ ካለ ደግሞ መጫን አያስፈልግም፤ ከሪስቶር ገጹ ግርጌ ከተዘረዘሩት ይምረጡት።

*ሊንኩ ወደ አብነቱ ይወስዳል።* ሊንኩ የሚያመለክተው ሥራ በኢምፖርቱ ጊዜ ሳይመረጥ ቀርቷል ማለት ነው። የቀረውን ለብቻው ኢምፖርት ያድርጉና ሊንኩን በእጅ ያስተካክሉ።

*መምህሩ ራሱ ወደ አዲሱ ኮርስ መግባት አልቻለም።* ተጠቃሚዎች ሳይካተቱ የተገለበጠ ኮርስ ውስጥ ማንም አልተመዘገበም። መምህሩን በመምህርነት ሚና ያስመዝግቡ።

*ቀኖቹ አልተሸጋገሩም።* በአብነቱ ውስጥ ያለው መጀመሪያ ቀን ከሥራዎቹ ቀን ጋር የማይገናኝ እንደሆነ ይመልከቱ። አብነቱን አርመው እንደገና መገልበጥ 16 ሳምንት በእጅ ከማስተካከል ይቀላል።

በሴሚስተሩ መካከል አብነቱ ሲታረም

ከአብነት የወጣ ኮርስ ከአብነቱ ጋር ምንም ግንኙነት አይኖረውም፤ አብነቱን ዛሬ ቢያርሙት ትናንት የተገለበጠው አይለወጥም። ስለዚህ ለተማሪዎች በማይታይ አንድ ገጽ ላይ የለውጥ መዝገብ ይክፈቱ፦ ቀን፣ ምን ተለወጠ፣ የትኛው ስሪት፣ ያንን ስሪት የሚጠቀሙት ኮርሶች የትኞቹ ናቸው። ማርክ የሚነካ ስሕተት ሲገኝ ከመዝገቡ ኮርሶቹን ለይተው በዚያው ቀን ለመምህራኑ ያሳውቁ፤ የመልክና የአጻጻፍ ማስተካከያዎችን ግን እስከሚቀጥለው ስሪት ያቆዩ። በተቋሙ ደረጃ የሚወጡና በየጊዜው የሚሻሻሉ ደንቦችን በአብነቱ ውስጥ ገልብጠው አያስገቡ፤ በአንድ ቦታ አስቀምጠው ሁሉም ኮርሶች በሊንክ እንዲጠቅሱት ያድርጉ፤ ደንቡ ሲሻሻል ያንን አንድ ፋይል መተካት ብቻ ይበቃል።